መናገሻ ሱባን ለጠየቅሽው እህት፦ በቪትዝ አትሞክሪው

ሰላም እህቴ። «ከአዲስ አበባ ሳልርቅ ለልጆቼ አገር በቀል ዛፍ የማሳይበት ጥብቅ ደን እፈልጋለሁ፤ መናገሻ ሱባ እንዴት ነው?» ብለሻል። ሁለቴ ሄጃለሁ። የመጀመሪያውን አያድርስ።

1. መናገሻና ሱባ አይምታቱብሽ። እኔ መናገሻ ሲባል በሆለታ መንገድ ወዳለችው ከተማ ሄድኩ። ተራራው አለ፣ ማርያም አለች፣ የፈለግኩት ደን የለም። ሱባ ያለው በወጨጫ ተራራ ጎን ነው። በጅማ መንገድ ሰበታ ደርሰሽ ታጠፊ።

2. መኪና። ከሰበታ ስትታጠፊ አስፋልቱን እርሺው። ነሐሴ ላይ ቪትዝ ይዤ ገባሁ። መንገድ ላይ ያገኘናቸው ሰዎች «በዚህች?» ብለው ሲስቁ ናቁኝ ብዬ ነዳሁ። ትንሽ እንደሄድን ጎማው ግማሹ ጭቃ ውስጥ ገባ። ባለቤቴ ልጅ አቅፋ ስትወርድ አንድ ጫማዋን ጭቃው አስቀረው። ስምንት ጎረምሶች ገፍተው አወጡን። የከፈልኩትን ሚስቴ እስካሁን በትክክል አታውቅም፤ ላንድክሩዘር ግን ያከራየኝ ነበር። አንቺ ኅዳር ወይ ታኅሣሥ ላይ ሂጂ።

3. ደብዳቤ። ከተማ ያለ አንድ ቢሮ «ፈቃድ ያስፈልጋል» ብሎ ሦስት ቀን አመላለሰኝ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ነገ ተመለስ። ልጅቷ ከስልኳ ቀና እንኳ አላለችም። ማኅተም ያለበትን ወረቀት እንደ ታቦት ይዤ ብሄድ፣ በሩ ላይ ማንም አላየውም። ትኬት ቆርጠው «ግባ» አሉኝ!

ኅዳር ላይ ስመለስ ግን ካስኩ። ለሁለት ተያይዘን ያላቀፍነው ጽድ አለ። ልጄ የተሰበረ ቅርንጫፍ አንስቶ አሸተተና «እርሳስ እርሳስ ይላል» አለ። እውነቱን ነው፣ እርሳስ ይሠራበታል። ዝግባ፣ ወይራ፣ ጥቁር እንጨት እያልሽ ትወጫለሽ፤ ከፍ ሲል ኮሶ፣ ከዚያ አስታና ጅብራ። የጽዱን ዘር በ15ኛው መቶ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሰሜን ሸዋ ካለው የወፍ ዋሻ ደን አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። (ሱባን «የዝናብ ደን» የምትሉ፣ እሱ እንደ ከፋ ያለው ነው። ሱባ የደጋ ደን ነው።)

የወጨጫ ጫፍ 3,385 ሜትር ነው፤ ለልጆቹ ሹራብ ያዢ። ጉሬዛ ማየት ከፈለጉ ማልዳችሁ ግቡ። ምሳ ቋጥሪ። የአካባቢውን ሰላም ከመውጣትሽ በፊት ሰበታ ሰው ጠይቂ። ቪትዟንም እዚያው አቁሚያት።