የጂፒኤስ ሲግናልና የጅማ ሰማይ፦ እንጀራ ይወጣዋል ወይ?

ስምሽ እንዳይጻፍ ስለጠየቅሽ «እህቴ» እያልኩ ልመልስልሽ።

ደብዳቤሽ ባጭሩ ይህ ነው። እዚሁ ጅማ ፊዚክስ ተመርቀሽ ዓመት ሊሞላሽ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍሽ በጂፒኤስ ሲግናል አዮኖስፌርን (ኤሌክትሮን የበዛበትን የሰማይ የላይኛውን ንብርብር) ስለ መለካት ነበር፤ በዚያው ማስተርስ መቀጠል ትፈልጊያለሽ። አባትሽ፣ የአይሱዙ ሾፌር ናቸው፣ «ሰማይ ተለክቶ እንጀራ አይሆንም» ይላሉ። አጎትሽ ደግሞ አንድ የቡና መጋዘን ውስጥ የሂሳብ ሥራ አግኝተውልሻል። «ልተወው ወይስ ልግፋበት? ላፕቶፕ እንኳን የለኝም» ብለሻል።

መልሴን ልቅደም። የመጋዘኑን ሥራ ተቀበዪ፤ አዮኖስፌሩንም አትተዪው። ሁለቱ አይጣሉም።

እውነቱን እንነጋገር። «የአዮኖስፌር ባለሙያ እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ በዚህ ሥራ በቆየሁበት ዘመን አንድም አላየሁም። በዚህ አባትሽ ልክ ናቸው። ግን ማስታወቂያ ያልወጣለት ሥራ ሁሉ የማያስፈልግ ሥራ አይደለም። ይህን የተረዳሁት ሜዳ ላይ ነው።

ባለፈው ዓመት ከከተማው ወጣ ብለው መሬት ከሚለኩ ቀያሾች ጋር ውዬ ነበር። ጠዋት ሥራው ይሮጣል። ቤዙ፣ ከቦታው የማይነቃነቀው መቀበያ፣ ትሪፖድ ላይ ቆሟል። ልጁ ሮቨሩን፣ ተንቀሳቃሹን መቀበያ፣ በዘንጉ ይዞ ከችካል ችካል ይሄዳል፤ መቆጣጠሪያው «ፊክስ» ይላል፤ ልኬቱ ጸንቷል ማለት ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት አካባቢ ግን «ፍሎት» ማለት ጀመረ፤ ልኬቱ አልጸናም ማለት ነው። ዛፍ የለም፣ ግንብ የለም። ልጁ ባትሪ ቀየረ። መሣሪያውን አጥፍቶ አበራው። አለቃው «የዛሬ ሳተላይት አይረባም» አለና ሁላችንም ጥላ ፍለጋ ሄድን። ያ ሰዓት ከአናታችን በላይ ያለው ኤሌክትሮን ጣራ የሚነካበት ሰዓት ነው። የዚያ ቀን ችግር እሱ ይሁን ሌላ ያጣራ የለም፤ ማጣራት የሚችል ሰውም በመካከላችን አልነበረም። አንቺ ብትኖሪ ታጣሪው ነበር። ግማሽ ቀን የስድስት ሰው አበል ከንቱ ቀረ።

ለአባትሽ በሚያውቁት መንገድ አስረጂያቸው። ባጃጅና አይሱዙ ከአጋሮ እኩል ተነሱ እንበል። መንገዱ ደረቅ ከሆነ እኩል ጅማ ይገባሉ ብለን እንያዝ። ጭቃ ካለ ሁለቱም ይዘገያሉ፤ ባጃጁ ግን ይብስበታል። መናኸሪያ ቆሞ በስንት ደቂቃ ተለያይተው እንደገቡ ያየ ሰው መንገዱን ሳይረግጥ የጭቃውን ልክ ያውቃል። ሳተላይቱም 20,200 ኪሎ ሜትር ላይ ሆኖ ሁለት ሲግናል እኩል ይለቃል፤ አንዱ 1575.42፣ ሌላው 1227.60 ሜጋኸርዝ። ጭቃው ኤሌክትሮን ነው። ዝቅ ያለው ፍሪኩዌንሲ የበለጠ ይዘገያል። ከልዩነቱ በመንገድ ላይ ያለው ኤሌክትሮን ይሰላል። ብዙ መስመር በብዙ አቅጣጫ ሲሰላ ደግሞ ካርታ ይሆናል።

ቴክ የሚባለው በሲግናሉ መንገድ ላይ ያለው ጠቅላላ ኤሌክትሮን ነው፤ አንድ የቴክ ዩኒት ማለት፣ አንድ ካሬ ሜትር ስፋት ባለው ዓምድ ውስጥ 10 ሺህ ትሪሊዮን ኤሌክትሮን ማለት መሆኑን ታውቂያለሽ። ለቀጣሪ ግን እንዲህ ብለሽ አትጀምሪ። አንድ ዩኒት በመጀመሪያው ሲግናል ላይ 16 ሳንቲ ሜትር ስህተት ያመጣል በይ። 50 ዩኒት ሲሆንና ሳይታረም ሲቀር 8 ሜትር ነው። 8 ሜትር የጎረቤትን አጥር አልፎ ጓሮው መግባት ነው። ይህን የመሬት ይዞታ ክርክር ያየ ሁሉ ይገባዋል።

ቦታሽም ትልቅ ሀብት ነው። የምድር መግነጢስ የራሱ ወገብ አለው። መስመሩ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል፤ ጅማም ከአጠገቡ ናት። ቀን ቀን የኤሌክትሪክ መስክ ኤሌክትሮኑን ከዚህ መስመር ወደ ላይ ይገፋዋል። ከዚያ እንደ ምንጭ ውሃ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይወርድና 15 ዲግሪ ገደማ ላይ ይከማቻል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ደግሞ ኤሌክትሮን የሳሳባቸው አረፋዎች ከሥር ይነሳሉ። በእነሱ ውስጥ የሚያልፍ ሲግናል ይርገበገባል፣ አንዳንዴም ይቋረጣል። በመስከረምና በመጋቢት አካባቢ ይብሳል። ሰሜን አውሮፓ ያለ ተማሪ ይህን የሚያየው በሌላ ሰው ዳታ ነው። አንቺ ሥሩ ነው የምትኖሪው።

እንጀራው የት ነው ካልሽኝ፣ መንገዱ በቅየሳና በካርታ ሥራ ይጀምራል። መሣሪያው ለምን እንደተሳሳተ የሚያውቅ ቀያሽ ብርቅ ነው። ከዚያ ሲቪል አቪዬሽን አለ፤ አውሮፕላን በሳተላይት እየተመራ ሲያርፍ ይህ ስህተት ቀልድ አይደለም። አዲስ አበባ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት አለ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ደግሞ በዚሁ ጉዳይ የሚሠራው የዋሸራ ላቦራቶሪ አለ፤ ለማስተርስ ሳታማክሪያቸው አትወስኚ። ጣሊያን ትሪየስቴ ያለው ዓለም አቀፍ የፊዚክስ ማዕከል፣ አይሲቲፒም፣ ለአፍሪካ ወጣቶች በጂኤንኤስኤስ (ጂፒኤስንና መሰሎቹን የሚያጠቃልል ስም ነው) እና በአዮኖስፌር ላይ ለዓመታት ሥልጠና ሲሰጥ ቆይቷል። ጥሪውን ተከታተዪ።

ግን ባዶ እጅሽን አትሂጂ። ዲግሪውን ብዙ ሰው አለው። እኔ ብቀጥር የማየው አንድ ነገር ነው፤ በራስሽ እጅ ከጥሬ ፋይል የወጣ ግራፍ። አዲስ አበባ ያለው የአይጂኤስ (የዓለም አቀፉ የጂኤንኤስኤስ ጣቢያዎች መረብ) ጣቢያ ዳታ በናሳ ማኅደር በነጻ ይገኛል፤ ምዝገባ ብቻ ነው የሚጠይቀው። የራይኔክስ ፋይሉን፣ ማለትም የጥሬ ልኬቱን ፋይል፣ አውርጂ። እዚህ ተማሪው ሁሉ የሚጠቀምበት «ጎፒ» የሚባለው ፕሮግራም አለ፤ ለመጀመር ጥሩ ነው። ቁልፍ መጫን ብቻ እንዳይሆንብሽ ግን ቢያንስ የአንድ ቀኑን ቴክ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ራስሽ አስዪው። ሌሊት ላይ ቴኩ ከዜሮ በታች ከወረደ አትደንግጪ። ኤሌክትሮን ከዜሮ በታች ሊሆን አይችልም። የሳተላይቱና የመቀበያው የራሳቸው መዘግየት ሳይቀነስ ቀርቷል ማለት ነው። ይህን አግኝቶ ማረም የቻለ ሰው ቃለ መጠይቅ ላይ የሚናገረው አያጣም። የመጀመሪያ ሥራሽ እንዲሆን የምመክርሽ እ.ኤ.አ. ሜይ 10 እና 11 ቀን 2024 ነው። በሃያ ዓመት ውስጥ ከታዩት ሁሉ የከበደው የፀሐይ ማዕበል የመታን ያኔ ነው። ከማዕበሉ በፊት ያለ ጸጥ ያለ ቀን ጨምሪና ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጪ።

ላፕቶፑን በተመለከተ፣ የመጋዘኑን ሥራ ተቀበዪ ያልኩሽ ለዚህ ነው። የቡናው ወቅት እስኪያልቅ ከደመወዝሽ ብትቆጥቢ ያገለገለ ላፕቶፕ ትገዢያለሽ። አጎትሽንም አታስቀይሚም። ጊዜ ገደብ ግን ይኑርሽ፤ ከወቅቱ በኋላ አትቆዪበት። መጋዘን ቤት ሰው በቀላሉ ይለምድና ይቀራል።

እስከዚያ ስልክሽ አለ። ይህን ስል ለማጽናናት አይደለም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 የጉግል ተመራማሪዎች ኔቸር መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት ከ40 ሚሊዮን ገደማ የአንድሮይድ ስልኮች መረጃ የአዮኖስፌር ካርታ ሠርተዋል። የአንድ ስልክ ልኬት ከጣቢያ ጋር ሲነጻጸር ሻካራ ነው፤ ሲበዙ ግን ጣቢያ የሌለበትን ክፍተት ይሞላሉ። አፍሪካ ደግሞ ጣቢያ የሳሳባት አህጉር ናት። ስልክሽ ሁለት ፍሪኩዌንሲ የሚቀበል መሆኑን አጣሪ። ባይሆንም ሲግናሉ ሲርገበገብ ማየት ትችያለሽ። «ጂኤንኤስኤስ ሎገር» የሚባለው አፕ ነጻ ነው፤ ጥሬውን ልኬት ይመዘግብልሻል።

ዛሬ ማታ ጀምሪ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ስልኩን ግቢ አውጪው። ቆርቆሮ ሲግናል ስለሚያንጸባርቅ ከጣሪያው ራቅ አድርጊው። የጅማ ዝናብ አይታመንምና በላስቲክ ሸፍኚው፤ ላስቲክ ሲግናል አያግድም።