ይሉኝታ የጀልባውን መሪ እንዳይዝ

የአንባቢያን ጥያቄና የባሕረኛው መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔና ባለቤቴ ጡረታ ከወጣን ወዲህ አሥር ሜትር የምትረዝም የሸራ ጀልባ ገዝተን በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ላይ ስንለማመድ ቆይተናል። በመጪው ኦክቶበር መጨረሻ ከኖርፎክ ተነሥተን፣ ከባሕሩ ዳርቻ ውስጥ ለውስጥ በሚሄደው የውሃ መስመር እስከ ፍሎሪዳዋ ሴንት ኦገስቲን ለመውረድ አስበናል። ቻርልስተንና ሳቫና የቆዩ ጓደኞች አሉን። የቻርልስተኖቹ በኖቬምበር አጋማሽ ቅዳሜ ሴት ልጃቸውን ክርስትና ያስነሣሉ፤ የክርስትና እናቷ ባለቤቴ ናት። ሳቫና ላይ ደግሞ የሰባት ዓመት የልጅ ልጃችን ይሳፈራል። ለሁሉም የምንደርስበትን ቀን ጽፈን ልከናል። ምን ይመክሩናል?
*ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ*

መልስ፦ የላካችሁትን የቀን ዝርዝር ዛሬውኑ ሰርዙት። ለእያንዳንዱ ወዳጃችሁ ደውሉና የምትመጡበትን ከተማ ብቻ ንገሩ፤ ቀኑን ሁለት ቀን ሲቀራችሁ ታሳውቃላችሁ።

እኔ በንግድ መርከብ ላይ ያገለገልኩ ሰው ነኝ፤ ኋላም በራሴ ትንሽ ጀልባ በዚህ መስመር ተመላልሻለሁ። በትልቅ መርከብ ላይ የመድረሻ ቀን ተሰልቶ ይሰጣል፣ መርከቡም የሚችለው ነገር ብዙ ነው። የእናንተ ጀልባ ግን ነፋሱ ቁም ሲላት የምትቆም ናት። እኛ ደግሞ ወዳጅ ደግሶ፣ ሰው ጠርቶ እየጠበቀ መቅረትን እንደ ነውር የምንቆጥር ሰዎች ነን። ትንበያው አትውጡ እያለ «ምን ብለን እንቀራለን?» ተብሎ መልህቅ ሲነሣ በዓይኔ አይቻለሁ። በእኔ ግምት ለእናንተ ከአሸዋ ደለልም ከጨለማም የሚብሰው አደጋ ይህ ነው።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። የመስመሩ ርቀት የሚቆጠረው ከኖርፎክ ነው፤ ዜሮ ማይል እዚያ ነው። ቻርልስተን 469ኛው ማይል አካባቢ፣ በሳቫና ደጃፍ ያለችው ተንደርቦልት 583ኛው፣ ሴንት ኦገስቲን ደግሞ 778ኛው ላይ ይገኛሉ። ይህ ማይል የመኪና መንገድ ማይል እንጂ የባሕር ማይል አይደለም። የፍጥነት መለኪያችሁ በኖት፣ ማለትም በሰዓት በሚኬድ የባሕር ማይል፣ ስለሚያሳይ ሁለቱን አታደባልቁ። በሞተር 6 ኖት ብትሄዱ በሰዓት 7 የመኪና ማይል ያህል ትቆርጣላችሁ። በኖቬምበር የሰዓት ለውጡ ካለፈ በኋላ ፀሐይ ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፤ ድልድይ እስኪከፈት የምትጠብቁት ጊዜም አለ። በቀን 50 ማይል ከሄዳችሁ ጥሩ ሄዳችኋል። እስከ ቻርልስተን አንድም ቀን ሳታርፉ አሥር ቀን ማለት ነው። ሳያርፍ የወረደ ሰው ግን አላጋጠመኝም፤ ስለዚህ እስከ ክርስትናው ያላችሁ ጊዜ በሙሉ ያስፈልጋል ብላችሁ ተነሡ።

ከኖርፎክ እንደወጣችሁ ሁለት መንገድ ይቀርብላችኋል። አንዱ በግሬት ብሪጅ የውሃ በር (ውሃ እየሞላና እየጎደለ ጀልባን ከፍ ዝቅ በሚያደርግ በር ያለው ክፍል) አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1859 በተከፈተው ቦይ ያልፋል፤ ሰፊ ነው፣ ጭነት የሚገፉ ጀልባዎችም ይመላለሱበታል። ሌላው በ1805 የተከፈተው የዲዝማል ስዋምፕ ቦይ ነው። ክፍት መሆኑን አረጋግጣችሁ፣ ጀልባችሁ ውሃው ውስጥ የምትጠልቀውም ልክ የሚፈቅድ ከሆነ፣ እባካችሁ በዚህኛው ሂዱ። ጠባብና ቀጥ ያለ ነው፤ ዛፎቹ ከግራና ከቀኝ ይዘጉበታል፤ ውሃው ከቅጠሉና ከቅርፊቱ በሚወጣው ቀለም ደማቅ ሻይ ይመስላል። ይህን ቦይ በእጃቸው የቆፈሩት በባርነት የተያዙ ጥቁሮች ናቸው። በዙሪያው ባለው ረግረግ ጫካ ውስጥ ደግሞ ከባርነት ያመለጡ ሰዎች ተሸሽገው ኖረዋል። እኔ ባለፍኩ ቁጥር ሞተሩን ዝቅ አድርጌ ነው የምሄደው።

በሁለቱ ጫፍ ያሉት የውሃ በሮች ጀልባዋን ከሁለት ሜትር በላይ ያወጧታል፣ ያወርዷታል። እዚያ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ ላሳስባችሁ፦ ገመዱን ጀልባዋ ላይ አትቋጥሩት። ግድግዳው ላይ ባለው መያዣ አዙራችሁ ጫፉን በእጃችሁ ያዙ። ውሃው ሲወርድ ቀስ እያላችሁ ልቀቁ፣ ሲወጣም ሰብስቡ። ውሃው እየወረደ ገመዱ ከተቋጠረ ጀልባዋ በአንድ ጎኗ ትንጠለጠላለች፤ የተወጠረውንም ገመድ ያን ጊዜ በእጅ መፍታት አይቻልም። አንዳችሁ ከፊት፣ አንዳችሁ ከኋላ ቁሙ፤ ጓንት አድርጉ፤ ገመዱን በእጃችሁ አትጠምጥሙ።

ከቦዩ ስትወጡ ኤልዛቤት ሲቲን ታገኛላችሁ። በ1983 ሁለት ነዋሪዎች ለመጡ ባሕረኞች ጽጌረዳ መስጠት የጀመሩባት ከተማ ናት፤ እንግዳ ተቀባይ በመሆኗ የታወቀች ናት። ከከተማዋ ቀጥሎ ያለው አልቤማርል ሳውንድ የተባለው ውሃ ግን እንግዳ ተቀባይ አይደለም። ሰፊ ሆኖ ጥልቀቱ ትንሽ ስለሆነ ነፋስ ሲነሣበት ሞገዱ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፤ ጀልባዋ ከአንዱ ሳትወጣ ሌላው ይደርስባታል። ትንበያው ከ15 ኖት በላይ ነፋስ ካሳየ እዚያው ተቀመጡ። ልምድ ያላቸው በ20ም ይሻገራሉ፤ እናንተ በዚህ ጉዞ አትሞክሩት። አንድ ቀንም ሦስት ቀንም መቀመጥ ሊሆን ይችላል። የቀን ዝርዝሩን ሰርዙ ያልኳችሁ በተለይ ለዚህች ከተማ ብዬ ነው።

አሁን ወደ ክርስትናው እንምጣ። ባለቤትዎ በዚያ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን መገኘት አለባቸው፤ ጀልባዋ ግን የለባትም። ሐሙስ ማታ የትም ሁኑ የት፣ ጀልባዋን በቅርቡ ባለ ማሪና (የጀልባ ማቆሚያ) አስሩና በመኪና ሂዱ። ለምሳሌ ጆርጅታውን ላይ ብትሆኑ በውሃ አንድ ረጅም ቀን ወይም ከዚያ በላይ ይቀራችኋል፤ በመኪና ግን ቻርልስተን ከሁለት ሰዓት ያነሰ መንገድ ነው። ሰሜን ካሮላይና ውስጥ እንኳ ብትዘገዩ በአንድ ቀን ትደርሳላችሁ። ለወዳጆቻችሁም ይህንኑ ንገሯቸው፦ እነሱ መኪና አላቸው፣ እናንተ በሰዓት 7 ማይል የምትሄዱ ሰዎች ናችሁ፤ ሊያገኟችሁ ከፈለጉ ወደ እናንተ መምጣት ይቀላቸዋል። ድግሱን ጭነው ማሪና ድረስ የመጡ ወዳጆች አሉኝ፤ ከዚያ የተሻለ ግብዣ አላየሁም።

የቀረውን ቀን ለማካካስ ብላችሁ በውጭው ውቅያኖስ ለመሄድ እንዳታስቡ። ከባሕር ወደ ውስጥ የሚያስገቡት መግቢያዎች ላይ የሚወጣው ውሃና ወደ ውስጥ የሚነፍሰው ነፋስ ሲጋጠሙ ትንሽ ጀልባን ይገለብጣሉ። በማታም አትጓዙ። ብርሃን የሌላቸው ምልክቶችና የሸርጣን ወጥመድ ገመዶች አሉ፤ ገመዱ ከጀልባዋ ሥር በሚሽከረከረው መቅዘፊያ (ፕሮፔለር) ላይ ከተጠመጠመ ሞተራችሁ ይቆማል።

ቀጠሮ ስትይዙ አንድ ጥንቃቄ አድርጉ። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ስማቸው አንድ (Beaufort)፣ ሲነገር ግን የተለያየ ሁለት የወደብ ከተሞች አሉ። የሰሜን ካሮላይናው ቦፎርት 204ኛው ማይል አካባቢ ነው፤ የደቡብ ካሮላይናው ቢዩፈርት 536ኛው ላይ ነው። ወዳጃችሁ የተሳሳተችው ከተማ ገብቶ እንዳይጠብቃችሁ ሁልጊዜ ክፍለ ግዛቱን ጨምራችሁ ጻፉ።

በደቡቡ ቢዩፈርት ደግሞ ሳታርፉ እንዳታልፉ። የሮበርት ስሞልስ ከተማ ናት። ስሞልስ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ በባርነት ተይዞ ቻርልስተን ወደብ ላይ «ፕላንተር» የተባለች የደቡቡ ጦር ማመላለሻ እንፋሎት መርከብ ላይ በመሪነት የሚሠራ የ23 ዓመት ወጣት ነበር። ሜይ 13 ቀን 1862 ጎሕ ሳይቀድ፣ መኮንኖቹ ከተማ ባደሩበት፣ መርከቧን አስነሥቶ ቤተሰቡንና የባልደረቦቹን ቤተሰቦች ጫነ። የካፒቴኑን ባርኔጣ ደፍቶ፣ ተገቢውን የፉጨት ምልክት እየሰጠ በፎርት ሰምተር ምሽግ መድፎች አጠገብ አለፈ። ከዚያ ነጭ ጨርቅ ሰቅሎ መርከቧን ለሰሜኑ ጦር አስረከበ። ወደቡን፣ ጥልቀቱንና ምልክቱን ከጌቶቹ በላይ ያውቅ ነበር፤ ያዳነውም ይህ እውቀት ነው። ኋላ የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ሆነ፤ በባርነት ያደገበትንም ቤት ቢዩፈርት ውስጥ ገዝቶ ኖረበት። ቻርልስተን ስትደርሱ እሱ የሾለከበትን ወደብ እናንተም ታቋርጡታላችሁ፤ ፎርት ሰምተር በግልጽ ይታያል። በ2023 የተከፈተው ዓለም አቀፉ የአፍሪካ አሜሪካውያን ሙዚየምም እዚያው ነው፤ የተሠራው በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን ይወርዱበት በነበረው በጋድስደን መድረክ ቦታ ላይ ነው። ከክርስትናው ማግስት ጊዜ ስጡት።

ጆርጂያ ስትገቡ የምትጠብቁት ነፋሱን ብቻ መሆኑ ይቀራል። በሰሜን ካሮላይና ሰፋፊ ውሃዎች ላይ ከፍታውን የሚለውጠው ነፋስ ነበር፤ እዚህ ጨረቃ ናት። በስድስት ሰዓት ያህል ውስጥ ውሃው ከሁለት ሜትር በላይ ይወጣል፣ ይወርዳል። መስመሩ በወረቀት 12 ጫማ ማለትም 3.7 ሜትር ያህል ጥልቀት ተፈቅዶለታል፤ ሄል ጌትና ጄኪል ክሪክ ላይ ግን ውሃው ሲጎድል ያን አታገኙትም። እንዲህ ያሉትን ቦታዎች ውሃው ግማሽ ሆኖ እየሞላ ሳለ እለፉ። ያን ጊዜ ጀልባዋ ደለሉ ላይ ብትቀመጥ እንኳ የሚመጣው ውሃ ያነሣችኋል፤ እየጎደለ ከሆነ ግን እዚያው ጋደም ብላችሁ ቀጣዩን ሙላት ትጠብቃላችሁ።

ለልጅ ልጃችሁ በልኩ የተሠራ የሕይወት አድን ጃኬት ከአሁኑ ግዙ። ጀልባዋ በምትሄድበት ጊዜ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ ደጅ ሲሆን እንዲለብስ ሕጉ ያስገድዳል። እኔ ታስራም ሳለች፣ ጀልባ በሚታሰርበት መድረክ ላይም ሳይቀር እንዲለብስ እመክራለሁ። እናንተም ከእሱ ፊት ልበሱ።

ጥያቄ፦ ድልድይ እንዲከፈትልኝ በሬዲዮ መጥራት እፈራለሁ። እንግሊዝኛዬ ይሰማልኛል ወይ እያልኩ ጀልባ ያላቸው ሌሎች እስኪመጡ እጠብቃለሁ።
*ከጃክሰንቪል፣ ፍሎሪዳ*

መልስ፦ አይዞህ ወንድሜ፤ የድልድዩ ጠባቂ የሚፈልገው ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ የድልድዩ ስም፣ የጀልባህ ስም፣ የምትሄድበት አቅጣጫ። የድልድዩን ስም ሁለት ጊዜ አስቀድም፤ በአንድ ቻናል ላይ ብዙ ጠባቂዎች ስለሚያዳምጡ ማንን እንደጠራህ የሚያውቁት በዚያ ነው። በቨርጂኒያና በሰሜን ካሮላይና ቻናል 13፣ ከደቡብ ካሮላይና እስከ ፍሎሪዳ ቻናል 9 ነው። ቻናል 16 ለአደጋና ለመጀመሪያ ጥሪ ነው፤ እዚያ ወሬ አይወራም። የምትለውን በወረቀት ጽፈህ መሪው አጠገብ ለጥፍ፤ ቀስ ብለህ አንብበው። ሬዲዮው እምቢ ካለ አንድ ረጅም፣ ቀጥሎ አንድ አጭር ጥሩንባ ንፋ። ጠባቂው ያንኑ ከመለሰ ይከፍትልሃል፤ አምስት አጭር ከነፋ ግን ባለህበት ቁም። በሴንት ኦገስቲን እንዳለው የአንበሶች ድልድይ ያሉት ደግሞ በቀን በተወሰነላቸው ሰዓት ብቻ ይከፈታሉ፤ ሰዓቱን አስቀድመህ እወቅ። ሲከፈትልህም ካለፍክ በኋላ አመስግን፤ ስምህን ያስታውሱታል።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬና ባሏ ለሦስት ቀን በጀልባቸው ጋብዘውኛል። ዋና አልችልም፣ መኪና ውስጥ እንኳ ያጥወለውለኛል። ልቅር?
*ከሪችመንድ፣ ቨርጂኒያ*

መልስ፦ አትቅሪ፣ ልጄ። ዋና አለመቻልሽን ከመሳፈርሽ በፊት ለሁለቱም በግልጽ ንገሪያቸው፤ ደብቀሽ መሄድ እንጂ አለመቻሉ አያሳፍርም። ከቤት ሳትወጪ የሚሆንሽን ጃኬት አስመርጪያቸውና ከሰገነቱ ላይ ሳለሽ አታውልቂው። ለማጥወልወሉ ሐኪምሽን ጠይቀሽ ኪኒኑን ከመነሣትሽ በፊት ውሰጂ፤ ከጀመረሽ በኋላ ብዙም አይረዳም። ውስጥ ገብተሽ ስልክ አትመልከቺ፤ ደጅ ተቀምጠሽ ሩቅ ያለውን ዳርቻ እዪ። ጀልባዋን መምራት ቢፈቅዱልሽ እሺ በዪ፤ መሪ የያዘ ሰው ብዙ ጊዜ አያመውም። ዕቃሽን በሚታጠፍ ቦርሳ ያዢ፣ ሻንጣ ማስቀመጫ የለም። መጸዳጃ ቤቱ እንዴት እንደሚሠራ ገና ሳትነሡ አሳዪኝ በያት፤ ለቧንቧው የማይሆን ነገር ከገባበት ፈትቶ የሚያጸዳው ባልየው ነው። ወደ መድረኩ ስትጠጉም ጀልባዋን በእግርሽ ወይም በእጅሽ ገፍተሽ ለማቆም አትሞክሪ፤ በመካከል ገብቶ የተሰበረ እግር አይቻለሁ። መከላከያ ኳሱን ይዘሽ በነገሩሽ ቦታ ቁሚ።