የአንባቢያን ጥያቄ፦ የቢሽኑፑር መቅደስና የሲሚንቶ ጣጣ

ጥያቄ፦ ሕንድ ውስጥ ሥነ ሕንጻ እማራለሁ። ለመመረቂያ ሥራዬ የመረጥኩት ማኒፑር ግዛት፣ ቢሽኑፑር የሚገኘውን የሜይቴይ ሕዝብ ጥንታዊ የቪሽኑ (የሂንዱ አምላክ) መቅደስ ነው። በጡቦቹ መካከል ያለው ማያያዣ ሲቦረቦር በሲሚንቶ ቢሞላ አይጠነክርም?

መልስ፦ አይጠነክርም፤ እንዲያውም ጡቡን ያስበላዋል። መቅደሱ የንጉሥ ኪያምባ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1467–1508) ሥራ ነው። ንጉሡ በዛሬዋ ምያንማር ከነበረው የፖንግ መንግሥት ንጉሥ በስጦታ ያገኘውን የቪሽኑ ምስል እንዳኖረበት ይነገራል። የተገነባው በስስ የሸክላ ጡብ ነው። እንዲህ ያለ ጡብ በዝናብ ወራት ከመሬት እርጥበት ይስባል፤ የሳበውንም የሚያስወጣው በለስላሳው የኖራ ማያያዣ በኩል ነው። ሲሚንቶ ይህን መውጫ ይዘጋዋል። ያኔ ውሃው በጡቡ ፊት በኩል ይወጣል፤ አብሮት የመጣው ጨው ከጡቡ ቆዳ ሥር ይደርቅና ፊቱን እየላጠ ይጥለዋል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲሚንቶው ቆሞ ጡቡ ጎድጉዶ ይታያል። የኛው ፋሲል ግቢም በጣሊያን ወረራ ጊዜ በሲሚንቶ ተጠግኖ ነበር፤ አብዛኛው በኋላ ተነሥቶ በኖራ ተተክቷል።

ትክክለኛው አካሄድ ከአሮጌው ማያያዣ ናሙና ወስዶ በላቦራቶሪ ማስመርመር ነው። መነሻ ይሆን ዘንድ፦ ቢያንስ አንድ ወር በውሃ የተዘፈዘፈ ኖራ 1 እጅ፣ ታጥቦ ጨው የለቀቀ አሸዋ ከ2.5 እስከ 3 እጅ፣ የተፈጨ የሸክላ ጡብ ግማሽ እጅ። የጡቡ ዱቄት ኖራው በእርጥብ አየርም እንዲጠና ይረዳዋል። የላላው ማያያዣ በመሮ፣ በእጅ ይወጣል፤ የኤሌክትሪክ መቁረጫ የጡቡን ጠርዝ ይበላል። ጥልቀቱ የመጋጠሚያው ስፋት እጥፍ ይሁን። ከመሙላት በፊት ጡቡን ማራስ ግድ ነው። ደረቅ ጡብ የኖራውን ውሃ ይመጥና ማያያዣው ዱቄት ሆኖ ይራገፋል። ከተሞላ በኋላ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት በእርጥብ ጆንያ ይሸፈን። ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም ስለሚበረታ ሥራው ከጥቅምት መጨረሻ በኋላ ይሁን። በመጀመሪያ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ብቻ ሠርቶ አንድ ክረምት ማሳለፍን አጥብቀን እንመክራለን።

ጥያቄ፦ ጡብ ሰንጥቆ የበቀለ ዛፍስ ተነቅሎ ይጣል?

መልስ፦ በፍጹም አይነቀል! የዋርካ ዘመድ የሆኑ ዛፎች ሥር ግንቡን እየሰነጠቀም ደግፎ ይይዘዋል፤ ሲጎተት ጡቡን ይዞ ይወርዳል። ግንዱ ተቆርጦ ጉቶው ላይ ማድረቂያ መድኃኒት ይቀባል። ሥሩ የሚወጣው ግድግዳው በእንጨት ከተደገፈ በኋላ፣ ደረጃ በደረጃ ነው።

ጥያቄ፦ ሜይቴዮች የጥንት የአማልክት ማደሪያዎችን እያፈረሱ በኮንክሪት ይሠራሉ ሲባል ሰማሁ። ቅርስነቱ አይጠፋም?

መልስ፦ ሁሉንም በአንድ ዓይን ማየት አይገባም። «ኡማንግ ላይ» የሚባሉት የደን አማልክት ማደሪያ በልማድ ከእንጨትና ከሣር የሚሠራ ስለሆነ፣ ሣሩን በየጊዜው ማደስ ራሱ ወጉ ነው። እዚያ መጠበቅ ያለበት ዛፎቹ፣ ቦታውና አማልክቱን የማስደሰቻው የ«ላይ ሃራኦባ» በዓል ሥርዓት ነው። ስለዚህ ማይቢ ከሚባሉት ሴት ካህናት ጋር ሳይመከር ምንም አይነካ። ከባድ የኮንክሪት ጣሪያ ግን አንደግፍም። ማኒፑር በሕንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ምደባ ከፍተኛ አደጋ ባለበት ቀጠና ውስጥ ናት። እ.ኤ.አ. ጥር 2016 የደረሰው 6.7 መጠን ያለው መንቀጥቀጥ ኢምፋል ውስጥ ብዙ ዕድሜ ያልነበራቸውን የኢማ የሴቶች ገበያ የኮንክሪት ሕንጻዎች ጎድቷል።

የቢሽኑፑሩ መቅደስ በማዕከላዊው መንግሥት የተመዘገበ ስለሆነ ጥበቃው በሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣውና በ2010 የተሻሻለው አዋጅ ከተጠበቀው የመቅደስ ቦታ ወሰን 100 ሜትር ድረስ አዲስ ግንባታ ይከለክላል፤ ቀጣዩ 200 ሜትር በፈቃድ ብቻ ነው። ለጥናትም ቢሆን ናሙና ከመውሰድዎ በፊት ከሕንድ የአርኪዮሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት የጽሑፍ ፈቃድ ይያዙ።