አሮጌ አበባማ ስጋጃ ልትገዢ ነው? መጀመሪያ ገልብጪው

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽ ደርሶኛል፣ ሌላውም ሰው እንዲከታተል ባጭሩ ልድገመው። ሜሪላንድ ውስጥ እስቴት ሴል (የአንድ ቤት ዕቃ ተጠራርጎ የሚሸጥበት ሽያጭ) ላይ ሁለት አሮጌ አበባማ ስጋጃ አይተሻል፣ አንዱ ጥቁር ቀይ ሆኖ የአበባ ዘለላ የተበተነበት፣ ሌላው ክሬም ላይ ሮዝ አበባ ያለው በጣም የሚያብለጨልጭ። ሳሎንሽ ቡና የምታፈዪበት ቦታ ላይ ልታነጥፊው ነው፣ ቀዩን በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ስታሺው ጨርቁ ቀላብሽና ፈርተሽ ተመለስሽ፣ የቱን ልግዛ ነው ያልሽው። እኔ ቨርጂኒያ ውስጥ ስጋጃ በማጠብና በመጠገን ነው የምተዳደረው፣ ሁለቱንም ዓይነት በእጄ አውቃቸዋለሁ።

አበባውን ለጊዜው እርሺውና ጥጉን ገልብጪው። በእጅ የተቋጠረ ከሆነ አበባው ጀርባውም ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ቋጠሮዎቹም ትንሽ ትንሽ ይለያያሉ፣ አንዱ ወፈር አንዱ ቀጠን ይላል። የማሽን ሥራም ጀርባው ላይ አበባ ሊያሳይሽ ይችላል ግን መስመሩ በማስመሪያ የተሰመረ ነው የሚመስለው። ጀርባው ላይ ሸራ ተለጥፎ ምንም ካልታየሽ ደግሞ ፀጉሩን የያዘው ሙጫ ነው ማለት ነው፣ ያ ሙጫ ሲያረጅ ዱቄት ሆኖ ወለልሽ ላይ ይረግፋል፣ እሱን ተዪው። ዘርፉ ደግሞ የእጅ ሥራ ላይ የድሩ ጫፍ ራሱ ነው፣ የማሽኑ ግን አብዛኛውን ጊዜ ኋላ ተሰፍቶ የተቀጠለ ነው፣ ብቻ ድሮ ዘርፉ አልቆ የተተካለት የእጅ ሥራም ስላለ በሱ ብቻ አትፍረጂ።

አሁን ወደ ቀዩ። እንዳልሽው ከሆነ ሳሩክ የሚባለው የኢራን ስጋጃ ነው የሚመስለኝ፣ እነዚህ በፈረንጆቹ 1920ዎቹና 30ዎቹ ወደ አሜሪካ በብዛት የገቡ ናቸው። ያኔ ገዢው የሚያብለጨልጭ ስለሚወድ በኬሚካል ያጥቧቸው ነበር፣ እጥበቱ ቀዩን ያደበዝዘዋል፣ ከዛ እዚሁ አሜሪካ ሰው ቁጭ ብሎ በብሩሽ መደቡን ጥቁር ቀይ ይቀባዋል፣ አበባውን እየዘለለ። ስለዚህ ጀርባው ፈዘዝ ያለ ሮዝ፣ ፊቱ ጥቁር ቀይ ከሆነ የተቀባ ነው፣ ፀጉሩን በጣትሽ ከፍለሽ ሥሩን ብታዪም ጫፉና ሥሩ ቀለማቸው ይለያያል። ጨርቅሽ ላይ የወጣው ያ ቅብ ሊሆን ይችላል፣ እሱ ከሆነ ስጋጃው ተበላሽቷል ማለት አይደለም፣ አጣቢው ግን ቀድሞ ማወቅ አለበት። ጀርባውም ልክ እንደ ፊቱ ቀይ ሆኖ ከለቀቀ ግን የክሩ ቀለም ራሱ አልያዘም፣ ቡና ሲደፋበት ቀዩ ነጩ አበባ ውስጥ ይገባልና እሱን አልመክርሽም። እርጥቡን ጨርቅ በየቀለሙ ለየብቻ ሞክሪው፣ ሰማያዊውንም አትርሺ።

ሌላው ደግሞ ጥጉን አጠፍ አድርገሽ ጆሮሽን ጠጋ አድርጊ፣ ቀጭ ቀጭ ካለ ውስጡ ያለው ጥጥ ድርና ማግ በስብሷል። አንዴ አንዲት ደንበኛ በጣም የሚያምር ኪርማን፣ እሱም የኢራን ስጋጃ ነው፣ አምጥታ፣ ከላይ ምንም አይታይበትም፣ የአበባ ማሰሮ ለዓመታት የተቀመጠበትን ቦታ ስይዘው እንደ ወረቀት ተቀዶ እጄ ላይ ቀረ። ልቤ ነው የተሰበረው፣ ጽጌረዳዎቹ ገና ትኩስ ነበሩ። ሶፋ ሥር የነበረውን ጎን ደግሞ ለብል እዪው፣ ብል ሱፉን በልቶ ጥጡን ስለሚተው ራሰ በራ ቦታ ታገኛለሽ።

የሚያብለጨልጨውን ክሬም በተመለከተ፣ ሻጩን አስፈቅደሽ አንድ ክር ነቅለሽ በላይተር አቃጥዪው። ፀጉር ፀጉር ከሸተተ ሱፍ ወይ ሐር ነው፣ ወረቀት ወረቀት ከሸተተ ቪስኮስ (ከእንጨት የሚሠራ ሐር መሳይ ክር) ነው፣ ቀልጦ ጠብታ ከሠራ ፕላስቲክ ነው። ቪስኮስ እንኳን ቡና ንጹህ ውሃም ሲነካው ቢጫ ይላል ፀጉሩም ይተኛል፣ ፕላስቲኩ ላይ ደግሞ ከማጨሻው አንድ ፍም ከወደቀ በስቶት ነው የሚወርደው። ሱፍ ግን ጫፉ ይከስላል እንጂ አይያያዝም፣ የከሰለውን በመቀስ ከርከም ታደርጊዋለሽ። ብቻ በናትሽ ቄጠማውን ስጋጃው ላይ አትጎዝጉዢ፣ አረንጓዴው ሱፍ ውስጥ ከገባ ማስለቀቁ ከባድ ነው፣ ሰሌን ጣል አድርጊበትና ረከቦቱን እዛ ላይ አድርጊው። ቡና ከተደፋ በቀዝቃዛ ውሃ ነካ ነካ እያደረግሽ በጨርቅ ምጠጪው፣ እንዳታሺው።

መጠኑን ለማወቅ ወለሉ ላይ ቴፕ ለጥፈሽ ለኪ፣ ቢያንስ የሶፋው የፊት እግሮች ስጋጃው ላይ መውጣት አለባቸው፣ ለትልቅ ሳሎን 9 በ12 ጫማ ነው የሚሄደው። ሶፋሽ ግራጫ ነው ካልሽ አበባው ይስማማዋል፣ የመጋረጃውን ቀለም ግን ከቀዩ መደብ ሳይሆን ጠርዙ ላይ ካለው ትንሽ ሰማያዊ ብትወስጂ እወዳለሁ።

እኔ ብሆን ጀርባው ሮዝ ሆኖ ጥጉ ካልጮኸ ቀዩን ነው የምወስደው፣ ቤት ሳይገባም በቀጥታ ማጠቢያ ቤት አድርሺውና የተቀባ መሆኑን ንገሪያቸው። ከመክፈልሽ በፊት የጀርባውን ጥግ በቅርብ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ አየዋለሁ።