ያለ ምድጃና ያለ ቢላ፣ እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ አረጋውያን

ለምትንከባከቢያቸው አረጋውያን ያለ እሳትና ያለ ቢላ ምን ላሰራቸው ላልሽው፣ ጭብጦ (በሶ ታሽቶ በእጅ የሚጨበጠውን) አሰሪያቸው። እሳት አይፈልግ፣ ቢላ አይፈልግ፣ እጃቸው ቢንቀጠቀጥም ያው መጨበጥ ነው። ደሞ "እንደ ህፃን ታጫውቱናላችሁ ብለው ይቆጡኛል" ላልሽው፣ ጭብጦ ላይ አስተማሪዎቹ እነሱ ናቸው። እኔ ለገጣፎ በኩል አረጋውያን ስንከባከብ ሌላ ጊዜ ቃል የማይተነፍሱት እማማ ሁላ ውሃ ስታበዢ "ኧረ በቃ በጥብጠሽ ልትጠጪው ነው እንዴ!" ይሉሻል።

1. እጅ አስታጥቢ፣ ለየሰው በየሳህኑ 3 የሾርባ ማንኪያ በሶና ጨው ቆንጠር አድርጊ።
2. ለብ ያለ ውሃ በትንሽ በትንሹ እያጠጣሽ እነሱ ይሹት።
3. መጨረሻ ላይ ቅቤ፣ ለሚፆም ዘይት ጠብ አድርጊና ይጨብጡት። በርበሬ ለሚፈልግ ብቻ፣ ጨጓራ ያለባቸው ብዙ ናቸው።

ስኳር ላለባቸው ማር እንዳትጨምሪ፣ በሶውም ራሱ እህል ስለሆነ ትንሽ ትንሽ ይብሉ፣ ጨው የተከለከለም ካለ ቀድመሽ ጠይቂ።

አንድ ነገር ግን አደራ፣ ደረቅ ጭብጦ ጉሮሮ ላይ ይለጠፋል። እኔ አንዴ ቸኩዬ ጠንከር እንዳለ ሰጥቼ አንድ አባባ ትን ብሏቸው ነፍሴ ልትወጣ ነበር፣ ከዛ ወዲህ ለስለስ አድርጌ፣ ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ ሻይ አጠገባቸው ሆኖ በትንሹ እየቆረሱ ነው የሚበሉት። መዋጥ የሚያስቸግራቸውን ይስሩ እንጂ ነርሷን ሳትጠይቂ እንዳታበያቸው። ቆሎም እንዲለቅሙልሽ ስጫቸው፣ ጥርስ የሌለው ግን እንዳይበላ።