ያቺን ኩፔ ልሽጣት ወይስ ላስነሳት?

ከጫጫ የጻፍከው ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አጎትህ የተዉልህ ፊያት 124 ስፖርት ኩፔ፣ ያቺ ባለ ሁለት በር የጣሊያን ስፖርት መኪና፣ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ 11 ዓመት ቆማለች። አሁን ገዢ መጥቷል። «ስፖርት መኪና የነበራችሁ፣ ሸጣችሁ ቆጭቷችኋል ወይ? ልሽጣት ወይስ ላስነሳት?» ነው ያልከው። እዚህ ግሩፓችን ላይ ከሥር የመጣው መልስ ሁሉ «እንዳትሸጣት!» ነው። ፎቶዋ ያምራል፣ እውነት ነው። ግን ከመላሾቹ ስንቱ እንዲህ ያለች መኪና በውርጭ ገፍቶ እንደሚያውቅ እንጃ። እኔ ገፍቻለሁ። ነድቻታለሁም፣ ሸጫታለሁም።

አጭሩን መልስ አስቀድሜ ልንገርህ። የምትነዳት ከሆነ አትሽጣት። ሸፍነህ ልታስቀምጣት ከሆነ ግን ዛሬውኑ ሽጣት። ቀሪው ምክንያቱ ነው፤ ረዘም ስለሚል ቡናህን ይዘህ አንብብ።

ተወልጄ ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው። በ1960 ዓ.ም. ግድም፣ ገና ልጅ ሳለሁ፣ የደሴ መንገድ ዳር ኳስ ስንጫወት አንዲት ቀይ መኪና ነዳጅ ልትቀዳ ቆመች። የያዟት ፈረንጆች ናቸው። ከፊቷ ፍርግርጉ መሀል የሚጋልብ ፈረስ አለ። ጓደኞቼ ጎማዋን ሲያዩ እኔ ፈረሱን በጣቴ ነካሁት። ከጉዞ ስለመጣች ብረቱ ይሞቅ ነበር። ሰውዬው አልተቆጣም። ሞተሩን ሲያስነሳው ድምፁን በጆሮዬ ሳይሆን በሆዴ ሰማሁት። ስሟ ሙስታንግ እንደሆነ ያወቅኩት ከስንት ዓመት በኋላ ነው።

ፎርድ ሙስታንግን ለሕዝብ ያሳየው በ1964 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ400,000 በላይ ተሸጠች። በዚያው የ1964 ሞዴል ዓመት ሌላው የአሜሪካ አምራች ፖንቲያክ 6.4 ሊትር ቪ8 (ባለ ስምንት ሲሊንደር) ሞተር መካከለኛ መኪና ውስጥ ከትቶ ጂቲኦን አወጣ። «ማስል ካር» የሚባለው ነገር፣ ትልቅ ሞተር የተጫነባት ጉልበተኛ የአሜሪካ መኪና ማለት ነው፣ የጦፈው ከዚያ ወዲህ ነው። ሙስታንግ «ፖኒ ካር» (አነስ ያለች ስፖርታዊ መኪና) እንጂ ማስል አይደለችም የሚሉም አሉ። እሱን ክርክር ለአሜሪካኖቹ እንተውላቸው።

በእኛ አገር መንገድ ግን እነዚያ መኪኖች ምን ያህል ይመቻሉ? ከጣርማበር አናት ተነስተህ ሸዋ ሮቢት ስትደርስ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ባልሞላ መንገድ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ትወርዳለህ። የያኔዋ ሙስታንግ ከፋብሪካ ስትወጣ አራቱም ጎማ ላይ ታምቡር ፍሬን ነበር። ቶሎ የሚበርደውን ዲስክ ፍሬን ከፊት የፈለገ ሰው ተጨማሪ ይከፍላል። ታምቡር ሲግል ይሰፋል፣ የፍሬን ሸራው መያዝ ያቅተዋል፣ ፔዳሉ እግርህ ሥር እየጠለቀ ይሄዳል። ያ ፈረንጅ ያን ቀን ቁልቁለቱን እንዴት እንደወረደው ሁልጊዜ አስባለሁ። ቪ8 ጉልበት ለቀጥ ያለ ሰፊ መንገድ ነው። ለጣርማበር የሚያስፈልገው ጥሩ ፍሬንና ቀላል ሰውነት ነው።

ይህን የተማርኩት በጭነት መኪና ነው። ጎልማሳነቴን የጨረስኩት በአሰብ መስመር ላይ ነው። የግሩፑ ሽማግሌዎች ኤንትሬን ታስታውሳላችሁ፣ ያቺን አፍንጫ የሌላት ፊያት 682። ጭነት ይዘህ ከደብረ ሲና ወደ ጣርማበር ዋሻ ስትወጣ ማርሽ ትቀንሳለህ፣ አሁንም ትቀንሳለህ። መጨረሻ ላይ ረዳቱ ወርዶ በእግሩ ቢሄድ ቀድሞህ ይደርሳል። ስትወርድም ያው በትንሽ ማርሽ ነው። ፍሬን ላይ የተኛ ሹፌር ሽታው ከሩቅ ይታወቃል። ስለዚህ በ1984 ዓ.ም. ኩፔዋን ስገዛ የጭነት ሹፌር አእምሮ ይዤ ነው የገዛኋት። መጀመሪያ ያየሁት ከጎማዋ ጀርባ ነው። አራቱም ዲስክ ፍሬን!

የኔዋ እንደ አጎትህ መኪና ሁለት ክብ መብራት ብቻ ያላት፣ የመጀመሪያዋ ዓይነት ነበረች። ሞተሯ 1,438 ሲሲ፣ ከላይ ሁለት ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍት ዘንግ) ያለው። የነደፈው አውሬሊዮ ላምፕሬዲ ነው፤ ወደ ፊያት ከመምጣቱ በፊት ፌራሪ ቤት ሞተር ይሠራ የነበረ ሰው። ካምሻፍቶቹን የሚያዞረው ሰንሰለት አይደለም፣ ጥርስ ያለው የጎማ ቺንጋ ነው። ይህን ቺንጋ አትርሳው፣ በኋላ እመለስበታለሁ። ጉልበቷ 90 ፈረስ ይላል ወረቀቱ። ወረቀቱ ግን የተጻፈው ባሕር ዳርቻ ላለ ሰው ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሩብ ያህሉ ጉልበት ይጠፋል። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተርም ይህን አያውቅም፣ ቤንዚኑን እንደ ቆላ ያፈሰዋል። ካንዴላ ስትፈታ ጥላሸት የምታገኘው ለዚህ ነው። መካኒኬ ቤንዚን የምታሳልፈዋን ባለ ቀዳዳ የነሐስ ብሎን በጠበበች ቀየረልኝ፣ ከዚያ በኋላ ነው መኪናዋ የተነፈሰችው።

አሁን ስለ ናፍቆቱ ልንገርህ፣ የጠየቅከው እሱን ስለሆነ።

ታኅሣሥ ላይ ጧት 12 ሰዓት፣ ሳሩ ነጭ ነው። ማታ ኮፋኖው ላይ ጆንያ አልብሻት አድራለሁ። ጆንያውን ሳነሳው በውርጭ ደርቆ እንደ ሳንቃ ይቆማል። ቾክ እስበዋለሁ፣ ቤንዚን ፔዳሉን ሁለቴ ረገጥ፣ ከዚያ ቁልፍ። ሞተሪኖው እያቃሰተ ይዞራል። አንዳንዱን ቀን አይነሳም፣ ያኔ የጎረቤት ልጆች ለእስፒንታ፣ ገፍተው ሊያስነሷት፣ ይሰበሰባሉ። ሲነሳ መጀመሪያ በሦስት እግሩ የቆመ ይመስላል፣ አንዱ ሲሊንደር ቆይቶ ነው የሚገባው። አራተኛው ሲገባ ድምፁ ይቀየራል። ያንን ቅያሬ ተኝታ የነበረችው ባለቤቴ እንኳ ከአልጋዋ ላይ ታውቀዋለች። «ገባችልህ?» ትላለች ከውስጥ።

ከዚያ ጣርማበር። ጣሊያኖቹ የበሱት ዋሻ ከ500 ሜትር በላይ ይረዝማል፣ ውስጡ ይጨልማል፣ ይንጠባጠባል። ከፊቴ ማንም ከሌለ መስኮቱን አወርድና ማርሽ እቀንሳለሁ። የማርሚታው ድምፅ ድንጋዩን እየመታ ይመለሳል። በኤንትሬ ስንት ጊዜ ያለፍኩበት ዋሻ ነው፣ አንድም ቀን መስኮት አውርጄ አላውቅም፤ ጭሱ ይገድልህ ነበር። ከዋሻው ወጥተህ ጉሙ ሲከፈት ደብረ ሲና ከሥርህ ትታያለች። ሁለተኛ ማርሽ፣ ኩርባ፣ ሦስተኛ፣ ኩርባ። ፍሬኑን ስትነካው ብቻ ትይዛለች፣ ስትለቀው ትሄዳለች። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዝቼ እዚያው አዙሬ የተመለስኩበት ቅዳሜ ብዙ ነው። ለቆሎ ይህን ያህል ቤንዚን! ባለቤቴ ሒሳቡን እስካሁን አልረሳችውም።

ናፍቆት ግን መርጦ ነው የሚይዘው። መጥረጊያዋ በጉም ውስጥ መስታወቱን ከማጥራት ይልቅ ይቀባው ነበር። ዝናብ በበሩ ጎሚኒ ይገባና ካልሲህን ያርሰዋል። አንድ ጊዜ ደግሞ ከሮቢ ስመለስ አርማንያ ላይ አፈላች። ምክንያቱን ልብ በል፣ ያንተም ላይ ይመጣልና። ውኃ ከፍታ ላይ ቶሎ ይፈላል፤ ደብረ ብርሃን ላይ 90 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ መፍላት ይጀምራል። መኪና ይህን የሚያሸንፈው በራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ ግፊት ይይዛል፣ ግፊት ሲኖር ውኃው ሳይፈላ ብዙ ይግላል። የኔ ክዳን ጎሚኒው ደርቆ ነበር። ቴርሞሜትሩ ሲወጣ እያየሁ «ትንሽ ትቻል፣ ደብረ ሲና ልድረስ» አልኩ። አልቻለችም። በቢጫ ጄሪካን ውኃ የሸጠልኝ ልጅ «ጋሼ፣ ይቺ መኪና ዕጣን ታጨሳለች» አለኝ። አንድ ሰዓት ተኩል እንድትበርድ ጠበቅኩ። ትኩስ ክዳን ከፍቶ የተቃጠለ ሹፌር ስላየሁ አልቸኮልኩም። የቆምኩበት ምክንያት አንዲት ክዳን ናት።

የሸጥኳት በ1990 ዓ.ም. ነው። ግንቦት ላይ ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ጀመረ፣ የአሰብ መስመር ተዘጋ፣ ሥራው ወደ ጅቡቲ ዞረ። እኔ የምሠራላቸው ሰዎች መኪናቸውን አቆሙ። ሁለት ልጆች ትምህርት ቤት ነበሩኝ። ሊብሬውን ስፈርም እጄ አልተንቀጠቀጠም፣ ውሸት አልነግርህም። የቆጨኝ ቆይቶ ነው። መንገድ ላይ ተመሳሳይ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ዞር እል ነበር። ላዳ እየሆነ ያሳፍረኛል።

በ2004 ለለቅሶ አዲስ አበባ ሄጄ አንድ ግቢ ውስጥ አገኘኋት። ባሕር ዛፍ ሥር ቆማለች። አራቱም ጎማ መሬት ነክቷል። የኋላ ወንበሯ ላይ ዶሮ እንቁላል ጥላለች። ባለቤቷ ጥሩ ሰው ነው፣ «አንድ ቀን አስነሳታለሁ» አለኝ። ስንት ዓመት እንደቆመች ስጠይቀው ወደ ሰማይ አየ። ልግባ ብዬ ገባሁ። ወንበሯ ዝቅ ያለ ነው፣ ጉልበቴ ደግሞ የያኔው አይደለም። ለመውጣት ሰው ነው የጎተተኝ። መሪዋን ያዝኩ፣ ማርሹን ነካካሁት፤ ያ አንደኛ ስታስገባ የሚሰማው ጠቅ የሚል ነገር አሁንም አለ። ዋጋ ግን አልጠየቅኩትም። ላሜራዋ ከሥር አልቋል፣ በጣቴ ስገፋው ገባልኝ። በሽያጩ አልተቆጨሁም ያን ቀን። የተቆጨሁት ለማይነዳት ሰው በመሸጤ ነው።

ወደ አንተ ልመለስ። ገዢው ምን እንደሚያደርጋት ጠይቀው። ለሠርግ ማጀቢያ ቢያደርጋት እንኳ ትሄዳለች፣ ያ ከሸራ ይሻላል። አንተ ልታስነሳት ከሆነ ግን እባክህ ባትሪ አምጥተህ ቁልፍ እንዳታዞር። 11 ዓመት የቆመ ሞተር እንዲህ ሲነሳ ነው የሚበላሸው። ካንዴላዎቹን ፍታ፣ በየቀዳዳው ትንሽ ዘይት ጨምር፣ ሁለት ቀን ተዋት። ከዚያ ሞተሯን በእጅህ፣ በብሎን መፍቻ አዙራት። ከዞረች ተስፋ አለ። ያ የነገርኩህ ቺንጋ፣ ደህና ቢመስልህም፣ ከመነሳቷ በፊት ይቀየር፤ ጎማ ቆሞም ያረጃል። ታንከሩ ውስጥ ያለውን ቤንዚን ድፋው፣ እንደ ቫርኒሽ ከሸተተህ ታንከሩም ይታጠብ። የፍሬን ጎሚኒና ቱቦ በሙሉ ይለወጥ። ዲስኩን የሚጨብጠው ፒስተን መድረቁ አይቀርም፣ ስለዚህ በመግፋት ብቻ «ትሄዳለች» ብለህ እንዳትወስን፣ ፍሬን ስትረግጥ መቆሟን ነው የምታየው።

ስለ ዕቃ። «ላዳ ያው 124 ናት» የሚሉህን በግማሹ ስማ። ሩሲያኖቹ ላዳን ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሠሩት ከፊያት 124 ፈቃድ ወስደው ነው፣ ልክ ነው። ሞተሯ ግን ሌላ ነው፣ የኋላ ፍሬኗም ታምቡር ነው። ከላዳ የምትወስደውን ዕቃ አስለክተህ እንጂ በስም አትግዛ። ደግሞም እወቀው፣ «ሸጬ ሌላ አሮጌ አስመጣለሁ» የሚባል ነገር አሁን የለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ ሕግ ያረጀ መኪናን እስከ 500 በመቶ ያስከፍል ነበር፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ራሱ ተከለከለ። ይቺ ከሄደች ሄደች። ገዢውም ይህን ስለሚያውቅ ነው ጫጫ ድረስ የመጣው፣ በመጀመሪያ ዋጋ እጅ እንዳትሰጥ።

እስከዚያው አንድ ነገር አድርግልኝ። የጎማዎቹን ጎን ፎቶ አንሳ። ባለ አራት አኃዝ ቁጥር ታገኛለህ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱ፣ የኋለኞቹ ዓመቱ ነው። ከሥሯም ተኝተህ ላሜራውን በጣትህ ግፋው፣ በተለይ ከበሩ በታች ያለውን። ሁለቱን እዚህ ጻፍልኝ። ብረቱ ጣትህን ከመለሰልህ ቅዳሜ በጫጫ ሳልፍ የራዲያተር ክዳን ይዤልህ እመጣለሁ።