ስለ ደሴና ኮምቦልቻ ልማት፣ ኢንቨስትመንትና ትራንስፖርት ጠይቁኝ፣ የምችለውን ሁሉ እመልሳለሁ

ሰላም የወሎ ልጆች እንዴት ናችሁ። ሙያዬ የከተማ ፕላንና የመንገድ ዲዛይን ነው፣ ተወልጄ ያደግኩት ደሴ ነው ስራዬ ደግሞ አብዛኛውን ኮምቦልቻ ስለሆነ በሁለቱ ከተሞች መሀል ያለውን የሐረጎን ዳገት ስወጣ ስወርድ ነው የምውለው። ሰሞኑን ስለ ኮሪደር ልማቱ፣ ስለ ኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ ስለ ታክሲ ሰልፉ በየቦታው ስለምጠየቅ እዚህ አንድ ላይ ልመልስ ብዬ ነው። የማንም ቢሮ ተወካይ አይደለሁም፣ የምጽፈው የማውቀውንና የማምንበትን ነው። በሉ ጀምሩ።

ጥያቄ (ፒያሳ ሱቅ ያለው)፦ ኮሪደር ልማቱ የኔንም ሱቅ ይነካዋል እየተባለ ነው። ተከራይ ነኝ፣ ካሳ ይደርሰኛል ወይስ ዝም ብዬ እቃዬን ልሸክፍ?

አብሽር ወንድሜ፣ መጀመሪያ ነገር ደብዳቤ በእጅህ ሳይገባ በወሬ ሱቅ እንዳትለቅ። መሬት ለህዝብ ጥቅም ስለማስለቀቅና ስለ ካሳ የወጣው ህግ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ነው፣ ቆየት ብሎም ካሳ የመክፈሉን ኃላፊነት ወደ ክልሎች ያመጣ ማሻሻያ ወጥቶለታል። አዋጁ በዋናነት የሚያየው ባለይዞታውንና መሬቱ ላይ ንብረት ያፈራውን ሰው ነው ስለዚ የቤቱ ካሳ የአከራይህ ነው። አንተ በራስህ ብር የገነባኸው ነገር ካለ ግን፣ በተለይ ውሉ ላይ ከሰፈረ፣ ገማቾቹ ሲመጡ ቆመህ አስመዝግብ። ንግድ ፈቃድህን፣ የግብር ደረሰኝህን፣ የኪራይ ውልህን ኮፒ አድርገህ ያዝ፣ ሱቁንም ሳይፈርስ ከውስጥም ከውጭም ፎቶ አንሳው። ቅሬታ ያለው ሰው የማስለቀቂያ ትዕዛዙ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚው አካል ያቀርባል፣ በውሳኔው ካልተስማማ በ30 ቀን ውስጥ ወደ ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ይሄዳል ከዛ ፍርድ ቤት። ቀኑ ካለፈ ማንም አይሰማህም፣ ብዙ ሰው የሚሸነፈው ደግሞ እውነት ጎድሎት ሳይሆን ቀን አሳልፎ ነው።

የራሴን ሀሳብ ከፈለግክ ግን ትልቁ ክፍተት ተከራዩ ላይ ነው። ደሴ ንግድ ነው የሚያኖራት፣ ከኩታበር ከተንታ ከሀይቅ የሚመጣው ሰው ታክሞ ገዝቶ ነው የሚመለሰው። ነጋዴውን አንስተህ እግረኛ የማያልፍበት ዳር ላይ ምትክ ሼድ ብትሰጠው ስራውን አልመለስክለትም። ምትክ ሱቅ መሰራት ያለበት ሰው ከታክሲ የሚወርድበት ቦታ ላይ ነው፣ ይሄንን ስብሰባ በተገኘሁበት ሁሉ እላለሁ አሁንም እላለሁ።

ጥያቄ፦ ደሴ ላይ የሳይክል መንገድ ማን ሊነዳበት ነው?

እውነት ለመናገር ደሴ ላይ ቅድሚያ የምሰጠው ነገር አይደለም። ከተማዋ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መሀል ተጨምቃ ነው ያለችው፣ ሰፈሩ ሁሉ ዳገት ነው። እዚህ የሚያስፈልገው ሰፊ የእግረኛ መንገድና ከዋናው አስፋልት ወደ ላይ ሰፈሮች የሚወጣ መደገፊያ ያለው መብራት ያለው ደረጃ ነው፣ አሮጊት እናት በክረምት ሳትንሸራተት ቤቷ የምትደርስበት። ኮምቦልቻ ግን ሜዳ ነው! እዛ ከመሀል ከተማ እስከ ፋብሪካዎቹ የሳይክል መንገድ ቢዘረጋ ሰራተኛው በየቀኑ የባጃጅ ብር ይቆጥባል። ሁለቱን ከተሞች በአንድ ዲዛይን መልበስ ልክ አይደለም።

ጥያቄ (የኮምቦልቻ ሰራተኛ)፦ ደሴ ነው የምኖረው ኮምቦልቻ ፋብሪካ እሰራለሁ። ማታ ስወጣ ታክሲ የለም፣ ካለም ከታሪፍ በላይ ነው፣ ሴት ልጅ ደግሞ በጨለማ መንገድ ዳር መቆም ያስፈራል። መፍትሄ አለው?

እህቴ አለው፣ ይሄ ጥያቄ ደግሞ ለኔ ከሁሉም ይበልጣል። ችግሩ የመኪና ማነስ ብቻ አይደለም፣ አሰራሩ ነው። ሚኒባሱ የሚነሳው ሲሞላ ነው፣ ማታ ደግሞ ሰዉ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚሄደው፣ ስለዚ ሹፌሩ ወደ ደሴ ሞልቶ ቢወጣ ሲመለስ ባዶውን ነው የሚወርደው። ያንን ባዶ ጉዞ ማን ይክፈለው? አንቺ ትከፍይዋለሽ፣ ከታሪፍ በላይ የምትጠየቂው በዚህ ነው። ሲመሽ ሐረጎ ላይ ጉም ይወርዳል፣ ጠመዝማዛው ከባድ ነው፣ ጥንቁቅ የሆነው ሹፌር ቀደም ብሎ ቤቱ ይገባል የሚቀረው ኮንትራት ካልሆነ የሚለው ነው። ተራ አስከባሪም ሆነ ቅጣት ይሄንን አይፈታውም ምክንያቱም ሂሳቡ ራሱ አያዋጣም።

የሚፈታው ሞላም አልሞላም በሰዓቱ የሚነሳ ባስ ነው። ሁለቱ ከተማ አስተዳደሮችና ቀጣሪዎቹ ተነጋግረው ባዶ ጉዞውን በጋራ ይሸፍኑት። አንድ 60 ሰው የሚጭን ባስ አምስት ሚኒባስ ይተካል፣ ሹፌሩም አንድ ነው። ሌላ ብዙ ሰው የማያየው ነገር ደግሞ የፈረቃ ሰዓት ነው። ፋብሪካዎቹ በአንድ ሰዓት ሰራተኛ ከለቀቁ የፈለገ ባስ ቢመጣ አይበቃም። ወጥቶ ለመመለስ ባሱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጅበታል እንበል፣ ሁለት ፋብሪካዎች መውጫቸውን በዛ ያህል ቢያራርቁት ያው አንድ ባስ ሁለቱንም ያደርሳል። ይሄ አስፋልት አይጠይቅ ዶላር አይጠይቅ፣ ስብሰባ ነው የሚጠይቀው። እና ፌርማታው መብራት ያለበት፣ ሰው የማይጠፋበት፣ ቢቻል ጥበቃ በር አጠገብ መሆን አለበት። አሁኑኑ ማድረግ የምትችሉት ካለ ግን ፈረቃችሁ አንድ የሆናችሁ ሰራተኞች ስም ዝርዝር ይዛችሁ ወደ አስተዳደር ግቡ፣ ስንት ሰው በስንት ሰዓት ወደየት እንደሚሄድ በወረቀት ሲቀርብ ሰርቪስ መጠየቅ ይቀላል።

ጥያቄ፦ ለምን በደሴና በኮምቦልቻ መሀል ባቡር አይሰራም? ሀዲዱ ኮምቦልቻ ደርሷል አይደል?

ሀዲዱ የአዋሽ፣ ኮምቦልቻ፣ ሀራ ገበያ መስመር ነው፣ ወደ 390 ኪሎ ሜትር፣ ያፒ መርከዚ የሚባለው የቱርክ ኩባንያ በ2007 ነው ግንባታ የጀመረው። በኤሌክትሪክ እንዲሰራ ነው የተነደፈው፣ አዋሽ ላይ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ መስመር ጋር እንዲገናኝ። ግን ሀዲድ መነጠፉ ብቻውን ባቡር አያስሄድም፣ የኃይል አቅርቦቱ ዘገየ በላዩ ላይ ጦርነቱ መጣ፣ ለዓመታትም ያለ መደበኛ አገልግሎት ቆየ። ለኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ግን ይሄ መስመር ስራ ቢጀምር ከየትኛውም ማበረታቻ ይበልጣል።

ወደ ደሴ ግን ሌላ ነገር ነው። የሁለቱ ከተሞች የከፍታ ልዩነት ወደ 600 ሜትር ነው። ባቡር እንደ መኪና ዳገት አይወጣም፣ በ100 ሜትር ሁለት ሜትር ከፍ ማለት ራሱ ለባቡር ከባድ ነው፣ በዛ ሂሳብ 600 ሜትር ለመውጣት 30 ኪሎ ሜትር ያላቋረጠ ሽቅብ ያስፈልጋል እሱም በዋሻና በድልድይ። በዛ ብር ለሁለቱም ከተማ የሚበቃ ባስ ገዝቶ ለብዙ ዓመት ማስተዳደር ይቻላል።

ጥያቄ (ባለባጃጅ፣ ሸዋ በር)፦ ባጃጅ ከዋናው አስፋልት ይውጣ የሚባል ነገር ሁሌ ይነሳል። እኛ ልጆች አሉን፣ ምን እንብላ?

ወንድሜ ስጋትህ ተገቢ ነው። ባጃጅ ባይኖር የደሴ ዳገታማ ሰፈሮች ከከተማው ይቆረጣሉ፣ ሚኒባስ የማይገባበት ኮብልስቶን ላይ ነፍሰ ጡር ይዞ የሚወርደው ባጃጅ ነው። ግን ደግሞ ዋናው መንገድ አንድ ነው፣ ከባድ መኪናውም አገር አቋራጭ ባሱም ባጃጁም በዛው ነው የሚያልፈው፣ እዛ ላይ በየሜትሩ መቆም መንገዱን ይዘጋዋል። እኔ የምለው ዋናው መንገድ ላይ ባስ ይመላለስ፣ ባጃጁ ከፌርማታው ወደ ላይና ወደ ታች ሰፈር ያድርስ፣ አጭር ርቀት ብዙ ምልልስ። ነገር ግን ቅደም ተከተሉ መከበር አለበት፣ ባሱ ሳይመጣ ባጃጁን ማስወጣት ሰውን በእግሩ ማስኬድና እናንተን ስራ ማስፈታት ብቻ ነው። ማህበራችሁ ይሄንን ቅደም ተከተል በጽሁፍ ይጠይቅ።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ ሚኒባስ ሐረጎን ይወጣዋል?

በደንብ ይወጣዋል። ተሳፋሪውን ጨምሮ አራት ቶን የሚመዝን ሚኒባስ 600 ሜትር ከፍ ለማለት በትንሹ 6.5 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል፣ የመንገዱ ፍጆታ ለብቻ ሆኖ። ሲወርድ ደግሞ ሞተሩ ራሱ ፍሬን እየሆነ ከዛ ጥሩ ድርሻ ወደ ባትሪው ይመልሳል፣ የፍሬን ሸራው ሳይግል። የሐረጎ ቁልቁለት ፍሬን የሚበላ መንገድ መሆኑን ሹፌር ሁሉ ያውቀዋል፣ ለዚህ መስመር የኤሌክትሪክ መኪና ከነዳጁ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ጥያቄው ቻርጅ ማድረጊያውና መብራት ሲጠፋ የሚኬድበት መላ ነው፣ ከዛ ደግሞ የሚጠግን ባለሙያ፣ ይሄ ለወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ጥሩ ስራ ነው።

ጥያቄ (ከጅዳ)፦ በሰው ቤት ሰርቼ ያጠራቀምኩት ብር አለኝ። ደሴ ላይ ፎቅ ልጀምር ወይስ ኮምቦልቻ ላይ ንግድ?

እህቴ መጀመሪያ አላህ ይባርክልሽ፣ ያ ብር እንዴት እንደመጣ ሁላችንም እናውቃለን ለዛ ነው በጥንቃቄ የምመልስልሽ። ፎቅ አትጀምሪ። ሲሚንቶና ብረቱ በየጊዜው እየጨመረ ተጀምሮ የቆመ ህንጻ በሁለቱም ከተማ ሞልቷል፣ የቆመ ህንጻ ደግሞ ብር አያመጣም ብር ይበላል። ኮምቦልቻ ላይ እውነተኛ ፍላጎት ያለው ለሰራተኛ የሚሆን ንጹህ አነስተኛ የኪራይ ክፍል ነው፣ ውሃና መጸዳጃ ያለው፣ ከስራ ቦታው በእግር የሚደረስ። አንድ መደዳ ክፍል ሰርተሽ ማከራየት ትጀምሪያለሽ ቀጣዩን ከኪራዩ ትሰሪያለሽ። ሌላው ለፋብሪካ ሰራተኛ ምግብ ማቅረብ ነው፣ እንጀራው ወጡ በብዛትና በሰዓቱ።

ቦታ ስትገዢ ካርታውን ብቻ አይተሽ እንዳታምኚ፣ ማዘጋጃ ቤት ከእዳና እገዳ ነጻ መሆኑን አረጋግጪ፣ በፕላኑ ላይ መንገድ የሚያልፍበት እንዳልሆነም ጠይቂ። ውክልና ስትሰጪ ለመግዛትና ለማስተዳደር እንጂ ለመሸጥና ለማስያዝ አትስጪ፣ የገዛ ወንድምም ቢሆን። ብሩን በባንክ ላኪ፣ ከሐምሌ 2016 የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ የባንኩና የጥቁር ገበያው ልዩነት እንደ ድሮው አይደለም፣ የባንክ ወረቀቱ ደግሞ ነገ የገንዘብሽ ማስረጃ ነው።

ጥያቄ፦ የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ እንደተባለው ለምን አልሆነም?

ፓርኩ በሐምሌ 2009 ተመረቀ፣ የመጀመሪያው ምዕራፍ 75 ሄክታር ላይ ነው። ተስፋው ትልቅ ነበር፣ በባቲና በሚሌ በኩል የጅቡቲ መንገድ፣ ደረቅ ወደብ፣ አየር ማረፊያ ሁሉም አጠገቡ። ከዛ በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ፣ ፋብሪካ ሆስፒታል ዩኒቨርሲቲ ተዘረፈ። ከተሞቹ ኅዳር መጨረሻ ነጻ በወጡ በአንድ ወር ውስጥ ደግሞ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ (ከቀረጥ ነጻ የንግድ እድሉ) አስወጣች፣ ወደዛ ያለቀረጥ ልብስ መላክ ቆመ። የውጭ ገዢን ብቻ ተማምኖ የተሰራ ሼድ በሁለት ምት ተመታ። የቆዩትን ተመልከቱ ግን፣ ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ቆዳው፣ ብረታ ብረቱ ከፓርኩ በፊት የነበሩ ናቸው። ለኔ የሚቀጥለው ትኩረት ለአገር ውስጥ ገበያ የሚያመርተው የኛው ባለሀብት ነው። የቦርከና ወንዝን ነገር ሳልል አላልፍም፣ ታች ያለው ገበሬ በዛ ውሃ ነው የሚያለማው፣ ፋብሪካ ሲመጣ ፍሳሽ ማጣሪያው አብሮ ካልመጣ ፈቃድ መሰጠት የለበትም።

ጥያቄ (ከጦሳ ስር)፦ ልጄ እኛ ዳገቱ ላይ ነን፣ በየክረምቱ መሬቱ ይሰነጠቃል፣ ግድግዳዬም እየተሰነጠቀ ነው። ምን ላድርግ?

አባቴ ይሄንን ቀላል አያድርጉት። የደሴ ተዳፋት መንሸራተት የቆየ ችግር ነው፣ ላላ ያለው አፈር ውሃ ሲጠግብ እንደ ገንፎ ይሆንና ይወርዳል። ስለዚ ጠላትዎ ውሃው ነው። ከቤትዎ በላይ ያለውን ቦይ ከሐምሌ በፊት ያስጠርጉ፣ የጣሪያዎን ውሃ በአሸንዳ ሰብስበው ወደ ዋናው ቦይ ያድርሱት እንጂ ጓሮ ላይ እንዳይፈስ። ድጋፍ ግንብ ካለ ታች በኩል ውሃ ማስወጫ ቀዳዳ ይኑረው፣ ቀዳዳ የሌለው ግንብ ከጀርባው ውሃ ተጠራቅሞ ይገፋዋል። ስንጥቁ ላይ በእርሳስ ምልክትና ቀን ያድርጉ፣ ከሰፋ ወይ በር መዝጋት ካስቸገረ ያን ሌሊት እዛ አይደሩ፣ ለቀበሌውም በጽሁፍ ያመልክቱ። ለሚመለከታቸው የምለው ደግሞ ከመብራትና ከቴራዞ በፊት ትልቁ ቱቦና ቦይ ይሰራ፣ ላዩ አምሮ ታቹ ካልፈሰሰ በክረምት ይፈርሳል።

ጥያቄ፦ በመጨረሻ ደሴ ትሻላለች ኮምቦልቻ?

ይሄ ፉክክር ነው የሚጎዳን። ደሴ ሆስፒታሉ፣ ጅምላ ንግዱ፣ ትምህርት ቤቱ አላት፣ ሜዳ መሬት የላትም። ኮምቦልቻ መሬቱ፣ ፋብሪካው፣ አየር ማረፊያው አላት። ሰራተኛው አንድ ነው፣ ጠዋት ወርዶ ማታ የሚወጣው። እኔ ለሁለቱ የጋራ የትራንስፖርት ጽህፈት ቤት ቢኖር ደስ ይለኛል፣ አንድ ታሪፍ፣ አንድ ስምሪት።

ጥያቄ፦ ፕላኑን የት ነው ማየት የምንችለው?

ከተማ አስተዳደሩ ፕላን ክፍል። በከተማ ፕላን አዋጅ 574/2000 መሰረት መዋቅራዊ ፕላን (የጠቅላላው ከተማ ፕላን) ለ10 ዓመት ነው የሚያገለግለው፣ ሲዘጋጅም ህዝብ ሊወያይበት ይገባል። ስትሄዱ ሰፈራችሁ የአካባቢ ልማት ፕላን (የሰፈሩ ዝርዝር ፕላን) ተሰርቶለት እንደሆነ ጠይቁ፣ ትልቁ ካርታ ላይ ቀለሙን ከማብራሪያው ጋር አመሳክሩ፣ ቤታችሁ አጠገብ የሚያልፈው መንገድ ስንት ሜትር ስፋት እንደተያዘለትም አስለኩ። ካርታችሁን ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ፣ ከሰዓት ሳይሆን ጠዋት።